ከሰው ጣራ የወጣች ዶሮ

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ የባሕር ዛፉ ጥላ ከመኖሪያ ቤቶች አጥር ጋር በሚገናኝበት ሰፈር፣ አንድ አናጢ በጓሮ ጥግ ጠባብ ቦይ ይቆፍራል። ከአጥሩ ውጭ ሆኖ የሚመለከተው መንገደኛ የጎርፍ መውረጃ ወይም የግንብ መሠረት ቢመስለው አይፈረድበትም። በቦዩ ውስጥ የሚቀበረው ግን ጣት የማያሳልፍ የሽቦ ወንፊት ነው፤ በላዩ የሚቆመውም ቤት ለስድስት ዶሮዎች ማደሪያ እንዲሆን የታሰበ ነው።

ጎረቤቶች በዚህ ነገር ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ሥራውን ሲያዩ ከቆዩ በኋላ፣ «ለዶሮ መሠረት ሲቆፈር በዕድሜዬ ገና ዛሬ አየሁ» ብለው ሄዱ። የቤቱ እመቤት፣ በጡረታ ላይ ያሉ መምህርት፣ ለዚህ ዓይነቱ ቀልድ ጆሮ የላቸውም። የቀድሞ ዶሮዎቻቸውን በማድቤቱ ጀርባ በተሠራ የቆርቆሮ መጠለያ ያሳድሩ ነበር፤ በአንድ የክረምት ሌሊት ሸለምጥማጥ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ ሁሉንም አንቆ፣ አንዲቱን ብቻ ከአንገቷ በልቶ ሄደ። «ሌባ እንኳ የሚወስደው የሚሸከመውን ያህል ነው» ይላሉ፣ ቁጣቸው ገና ሳይበርድ። «ሳይበላ የሚገድል ግን ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?»

## ሳይበላ የሚገድል

አውሬ የገባበትን የዶሮ ቤት በማለዳ የከፈተ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል። የአገሬው ሰው የቆየ መልስ አለው፤ ሸለምጥማጥ ፈላጊነቱ የደም እንጂ የሥጋ አይደለም፣ ከአንዲቱ ጥቂት ጠጥቶ ወደ ሌላዪቱ ያልፋል ይላል። የእንስሳትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ምክንያቱን በአዳኙ ክፋት ሳይሆን በታዳኙ ሁኔታ ይፈልጉታል። ሐንስ ክሩክ የተባለው ተመራማሪ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሐተታ፣ ቀበሮዎች ጨለማው እጅግ በጸናባቸው ሌሊቶች መሬት ላይ ያደሩ የባሕር ወፎችን፣ ጅቦችም በሴሬንጌቲ ሜዳ በዐውሎ ሌሊት ሚዳቋዎችን፣ ሊበሉ ከሚችሉት እጅግ አብልጠው መግደላቸውን ይተርካል። አዳኝ እንስሳ ሲጠግብ ለአደን መውጣቱን ይተዋል፤ በአጠገቡ ሆኖ የማይሸሽ ሕይወት ሲርገበገብ ግን ጥጋቡ ከመግደል አያግደውም።

በዱር ይህ ጠባይ እምብዛም አይታይም፤ አንዲቱ ስትያዝ የቀሩት ይበተናሉና አዳኙም በያዛት ብቻ መርካት ግድ ይሆንበታል። ዶሮ ግን በሌሊት የምትበተንበት ዓይን የላትም። በቀን ብርሃን ቀለማትን ከእኛ አብልጦ የሚለየው ዓይኗ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከዕውር ዓይን ብዙም አይሻልም። እንግዲህ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ያደሩ ዶሮዎች ምናልባት አንዲቱን ያጡ ይሆናል፤ አራት ማዕዘን ግድግዳ ተዘግቶባቸው፣ አዳኙ ግን የሚገባበት ሽንቁር የተተወላቸው ዶሮዎች የሚደርስባቸው ያ መምህርቲቱ በማለዳ ያዩት ነው።

> ደካማ የዶሮ ቤት ዶሮዎቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ለአዳኙ ይጠብቅለታል።

## ከቆጡ ስትወርድ

የዶሮ ጥንተ ትውልድ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከሚኖረው፣ ሌሊቱንም በዛፍ ላይ ከሚያሳልፈው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። በአገራችን ዕድሜዋ ረጅም ነው፤ በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለው ጥንታዊ መንደር በቁፋሮ የተገኘ የዶሮ ዐፅም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ገደማ ይጠጋል። በደጋው ገበሬ ቤት ዶሮ የምታድረው በሰው ጣራ ሥር፣ ከምድጃው ብዙም ሳይርቅ፣ በቆጡ ላይ ነው። መዝጊያው ሲቀረቀር ለሰውም ለእርሷም ይቀረቀራል፤ ውሻው ሲጮኽ ለሁለቱም ይጮኻል፤ በሌሊት አንዳች ነገር ሲንኮሻኮሽ ዱላውን ይዞ የሚነሣ አባወራ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተኝቷል።

እርሷም በበኩሏ ያለ ዋጋ አላደረችም። ሰዓት ያልነበረው ካህን ለማኅሌት የሚነሣው በአውራ ዶሮ ጩኸት ነበር፤ በጸሎተ ሐሙስ የሚነበበው መጽሐፈ ዶርሆማ ከዚህም ከፍ ወዳለ ማዕርግ ያደርሰዋል፣ ተሠርቶ ለማዕድ የቀረበው ዶሮ በጌታ ኃይል ሕያው ሆኖ ይሁዳን እንዲከታተል ይላካልና። የሰፈሩ መሪጌታ ይህን ካነሡ በኋላ፣ እንዲህ ያለውን አገልጋይ በተበሳ ቆርቆሮ ሥር ማሳደር ውለታ መርሳት ነው ብለው ሣቁ።

ኋላ ግን ዶሮዋ ከሰው ቤት እንድትወጣ ምክር መጣ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር፣ ሠራተኞቹ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ካስተማሩት አንዱ የሰውና የእንስሳት ማደሪያ መለየት እንዳለበት ነበር። በከተማም ሊሾ ወለልና የተቀባ ግድግዳ ኩስን አይታገሡም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ደግሞ የከተማውን ጓሮ ጭምር ለእንቁላልና ለዶሮ ሥጋ ጋበዘው።

ምክሩ ትክክል ነው። ኩስ ከሕፃናት ማዕድ መራቅ ይገባዋል፤ የዶሮ ቁንጫም ከሰው መኝታ። ነገር ግን ዶሮዋ ስትወጣ አብሮ ያልወጣ ነገር አለ፤ ወፍራሙ ግድግዳ፣ መዝጊያው፣ ነቅቶ የሚነሣው ሰው በውስጥ ቀሩ። እርሷ በሁለት አጣናና በአንድ ቆርቆሮ ተሸኘች። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው፣ ለጓሮ ዶሮ ጠንካራ ቤት መሥራት አንዳንድ ጎረቤቶች እንደሚሉት የቅንጦት ሥራ አይደለም፤ ከጣራችን ሥር ስናስወጣት የቀማናትን መመለስ ነው። የቀማናት ደግሞ ግድግዳውን ብቻ አይደለም፤ እዚህ ነው ቤቴ የምትልበትን ልማድም ጭምር ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን በገንዘቡ ይከፍላል፣ ሁለተኛውን ግን ዕዳ መሆኑን እንኳ አይቆጥረውም።

## የአናጢው ጥበብ

አናጢው ጥቂት ተናጋሪ ነው፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ሚስማሩን ከከንፈሩ አውጥቶ በዝርዝር ያስረዳል። ቆፋሪ አውሬ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ነው፤ ሽቦው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ከወረደ ይደክመዋል። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ አልቆፈር ሲል ደግሞ ሽቦው ከግድግዳው እግር ወደ ውጭ ተዘርግቶ አፈር ይለብሳል። አውሬው ከግድግዳው ጥግ ቆፍሮ ሽቦ ሲያገኝ ወደ ጎን ሄዶ ደግሞ ይሞክራል እንጂ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መጀመር አይታየውምና።

ሽቦ ሁሉ ሽቦ አይደለም። በየሱቁ «የዶሮ ሽቦ» እየተባለ የሚሸጠው፣ ዐይኑ ባለ ስድስት ማዕዘን የሆነው ቀጭን መረብ ዶሮ እንዳትወጣ ይከለክላል፤ የተራበ ውሻ ግን በጥርሱ ይዘለዝለዋል፣ የአይጥ መንጋም በዐይኑ ውስጥ እንደ ልቧ ትመላለሳለች። የሚያስፈልገው በየመገናኛው የተበየደ፣ ዐይኑ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ወንፊት ሲሆን፣ ይህም በዋጋው ሰውን የሚያስደነግጥ ነው። በጀት ያጠራት እመቤት ከላይ ተራውን መረብ፣ ከወገብ በታች ወንፊቱን ታደርግ ዘንድ ትመከራለች፤ ሸለምጥማጥ ግን ዛፍ ወጪ ነውና በእንጦጦ ግርጌ ይህ ምክር አይሠራም ይላል አናጢው።

ከሁሉ ይልቅ የረሳነውን ያስታወሰን በጣራው ላይ ነው። የቆርቆሮ ሞገድ ከግድግዳው ራስ ላይ ሲያርፍ ከእያንዳንዱ እጥፋት ሥር አንዲት ግማሽ ክብ ቀዳዳ ይተዋል። በቀን ከውጭ ሲያዩዋት ከቁጥር የምትገባ አይደለችም፤ በውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ ወደ ላይ የተመለከተ ሰው ግን የብርሃን ረድፍ ያያል። በዚያ አይጥ ገብታ እንቁላል ታወጣለች፣ ጫጩት ታነቃለች፤ ሚስማሩ ላልቶ ቆርቆሮው በተነሣበት ደግሞ የእርሷ ታላቅ ይገባል። አናጢው የተረፈውን ወንፊት በቀጭኑ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ከየእጥፋቱ ሥር ወተፈው።

በሩም የራሱ ምሥጢር አለው። በመሐል አንድ መቀርቀሪያ ያለው የጣውላ በር ከታች ሲገፉት ማዕዘኑ ይለጠጣል፤ ውሻ ይህን በአፍንጫው ይደርስበታል። ስለዚህ ከላይና ከታች ሁለት መቀርቀሪያ ተመታለት። ገመድና ጠማማ ሚስማር በር ለመዝጋት የሚያገለግሉት በተረት ብቻ ነው።

> በውስጥ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ብርሃን የሚገባበትን ያየ ሰው አውሬው የሚገባበትን አየ።

አውሬን የፈራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሌላ ጥፋት ደግሞ ሁሉንም መድፈን ነው። ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ትተነፍሳለች፣ ትኮሳለች፤ ከኩሱ የሚነሣው አሞኒያ መውጫ ካጣ ዓይኗንና ሳንባዋን ያቃጥላል። ሰው በማለዳ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ዓይኑን ከቆጠቆጠው፣ ዶሮዋን ሌሊቱን ሁሉ ሲቆጠቁጣት አድሯል። የእንጦጦ ብርድ ያስፈራል እንጂ፣ ላባዋ የደረቀ ዶሮ ብርዱን ትችለዋለች፤ የምትጎዳው በእርጥብ ጉዝጓዝና በጎኗ በሚነፍስ ነፋስ ነው። እንግዲህ መተንፈሻው ከዶሮዎቹ ራስ በላይ፣ ከጣራው ሥር፣ በዚያው ወንፊት ተሸፍኖ ይከፈታል።

ስለ ቆጡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጠርዙ የተላገ ሞራሌ፣ ሰፊ ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ፣ ለእያንዳንዲቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ከእንቁላል መጣያው ሣጥን ከፍ ማለቱ ግን ግድ ነው፤ ዶሮ ለመኝታዋ ከፍ ያለውን ስለምትመርጥ፣ ሣጥኑ ከበለጠ በሣጥኑ ውስጥ ታድራለች፣ እንቁላሉም በኩስ ይታጀላል።

## በጨለማ የሚደረግ ስደት

ስድስቱ ቄቦች በታኅሣሥ ከሾላ ገበያ ተገዝተው፣ ቤቱ እስኪያልቅ በማድቤቱ ውስጥ ያድሩ ነበር። አራቱ የሐበሻ፣ ሁለቱ ሰው ሁሉ የፈረንጅ ዶሮ የሚላቸው ቡናማዎች ናቸው። የመዛወራቸው ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆነ፤ ይህም በዶሮ አርቢዎች ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው። በቀን የሚያዝ ዶሮ ያሯሩጣል፣ ይጮኻል፣ ሌሎችንም ያሸብራል፤ በጨለማ ግን አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ አንዱ በክንፎቿ ላይ ሆኖ ሲያነሷት ጥቂት አጉረምርማ ዝም ትላለች። መምህርቲቱ መብራት ሳያበሩ፣ አንድ በአንድ ወስደው በአዲሱ ቆጥ ላይ እግራቸው ዕንጨቱን እስኪጨብጥ ድረስ ይዘው አስቀመጧቸው።

ማለዳ ዓይኗን ስትከፍት አድራበት በማታውቀው ስፍራ የነቃች ዶሮ ምን እንደሚሰማት የሚነግረን የለም፤ የምታደርገው ግን ይታያል። አንገቷን ትሰግጋለች፣ በአንድ ዓይኗ ከዚያም በሁለተኛው ታያለች፣ ከቆጡ ለመውረድ ትቸገራለች። መኖና ውኃው በውስጥ ተዘጋጅቶ ከቆያት እስከ ቀትር ድረስ መጫር ትጀምራለች።

አሁን የሚመጣው ትዕግሥትን የሚፈትነው ክፍል ነው። በሩ ለአንድ ሳምንት ያህል አይከፈትም። ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን ያዝንላቸዋል፤ ፀሐይ ይሙቁ ብሎ ይከፍታል፤ በመሸም ጊዜ ከአጥር ሥር፣ ከማገዶ ክምር ላይ፣ ከጎረቤት ዛፍ ሲለቅማቸው ያመሻል። የእንስሳት እርባታ ባለሙያዎች ነገሩን ሲያስረዱ፣ ዶሮ ቤቴ የምትለው የምትበላበትን ሳይሆን ደጋግማ ያደረችበትን ነው ይላሉ። በቀን የትም ትጫር፣ ብርሃን ሲደበዝዝ እግሯ የሚመራት ትናንት ወዳደረችበት ስለሆነ፣ የትናንቱ ስፍራ አዲሱ ቤት እስኪሆን ድረስ ሌሊት በሌሊት ላይ መደራረብ ያስፈልገዋል።

> ግድግዳው በአናጢ እጅ ያልቃል፤ ልማዱ ግን ሌሊት በሌሊት ላይ እየተደረበ ነው የሚሠራው።

ሲከፈትም በማለዳ አይከፈትም። መጀመሪያ የሚለቀቁት ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ነው፤ ርቀው ለመሄድ ጊዜ የላቸውምና። በዚህ ጓሮ አራቱ የሐበሻ ዶሮዎች ጀምበር ስታዘቀዝቅ ያለ ጠሪ ገቡ። ሁለቱ ቡናማዎች ግን ወደ ቀድሞው ማድቤት ሄደው፣ በተዘጋው በር ፊት ጎን ለጎን ቆሙ። መምህርቲቱ ይህን አይተው፣ ወደ አዲስ ትምህርት ቤት የተዛወረ ልጅም በመጀመሪያው ሰኞ እግሩ ወደ አሮጌው ግቢ ይወስደዋል አሉ። አላባረሯቸውም። በዱላ እየተነዳች የገባች ዶሮ ቤቱን ከዱላው ጋር አያይዛ ታስበዋለችና፣ ጨለማው እስኪበረታ ጠብቀው አንሥተው ከቆጡ አስቀመጧቸው። በማግሥቱ ምሽት፣ ከመምሸቱ በፊት፣ ጥቂት ስንዴ በውስጥ ተበተነ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና፣ ይህ ከማባበል ሁሉ የበለጠ ሠራ።

በእነዚህ ሳምንታት እንቁላሉ ቢቀንስ ወይም ቢቆም የሚያስደነግጥ አይደለም። ስደት ሰውነቷን ያውካል፤ ሲረጋጋ ይመለሳል። በሣጥኑ ውስጥ ከዕንጨት የተላገ ሐሰተኛ እንቁላል ማኖር የሚረዳ መሆኑን የድሮ እናቶች ያውቁት ነበር፣ ቄቢቱ ሌላዋ የመረጠችው ስፍራ ይመስላታልና።

## ማን ከላይ ያድር?

አዲስ ቤት የቆየ ማዕርግን ያናጋል። በዶሮዎች መካከል የሚቆነጥርና የሚቆነጠር ተዋረድ መኖሩን በሳይንስ የገለጸው ኖርዌያዊው ቶርሌይፍ ሺየልደሩፕ ኤቤ ሲሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲመለከት ቆይቶ ጽሑፉን በ1920ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ከላይ ያለችው የታችኛዪቱን ትቆነጥራለች፤ የታችኛዪቱ አትመልስም፤ ሥርዓቱ ከታወቀ በኋላ ጠብ ይቀንሳል። ስፍራው ሲለወጥ ግን ማን በቆጡ መካከል፣ ማን በዳር እንደሚያድር እንደገና ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ ሰው ጣልቃ ባይገባ ይሻላል፤ መኖውን በሁለት ስፍራ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል፣ የተናቀችው ሳትበላ እንዳትውል። ደም ከታየ ግን ወዲያው ትለይ፤ የቀላ ቁስል የሌሎቹን መንቆር ይጠራል።

ከገበያ ተጨማሪ ዶሮ ማምጣት ለሚሻ ሰው ደግሞ ሾላ ገበያ የሚቀመጥ አንድ የዶሮ ነጋዴ ራሱ የሚሰጠው ምክር አለ፤ ከእኔ የገዛኸውን ከቤትህ ዶሮ ጋር ዛሬውኑ አታቀላቅል ይላል። ፈንግል ሳይታይ በቅርጫት ውስጥ ተሸሽጎ ይገባል፣ ያልተከተቡትንም በጥቂት ቀን ውስጥ ይጨርሳል። በዚህ በሽታ ፊት ወንፊትም መቀርቀሪያም አቅም የላቸውም፤ አቅም ያለው ክትባት ብቻ ነው።

## በጾም የመጣ እንቁላል

የመምህርቲቱ ዶሮዎች እንደገና መጣል የጀመሩት፣ እንደ ፌዝ ሆኖ፣ ዐቢይ ጾም በገባ ሳምንት ነው። ቤቱ ጾመኛ ነውና እንቁላሉ በሣህን ላይ ተደረደረ፤ ከፊሉ ለጎረቤት ሕፃናት፣ ከፊሉ በዚያው አጥር ለሚዋሰኑት ሙስሊም ቤተሰብ ተላከ። የሰፈሩ ሱቅ እንኳ በዚህ ወራት እንቁላል እምብዛም አይቀበልም።

በመጋቢት ከሐበሻዎቹ አንዲቱ ከሣጥኑ አልነሣም አለች። የፈረንጅ ዶሮዎች ይህን ጠባይ በእርባታ ምርጫ አጥተውታል ለማለት ይቻላል፤ የሐበሻ ዶሮ ግን ጥቂት ጥላ ትታቀፋለች። በግቢው አውራ ስለሌለ የራሷ እንቁላል የሚፈለፈል አልነበረም፤ አውራ ካለው ጎረቤት ተለምኖ፣ በሌሊት፣ ከሥሯ ተለወጠላት። 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ሒሳቡ ከትንሣኤ ጥቂት ቀደም ብሎ ይውላል።

በአዲሱ ቤት ውስጥ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ሌላ ማደሪያ ስለማያውቁ በጨለማ መሸከም፣ በስንዴ መጥራት አያስፈልጋቸውም፤ እናታቸውን ተከትለው ይገባሉ። የእነርሱ ጠላት በቀን ከሰማይ የሚመጣው ጭልፊት ነው። ለእርሱ በመዋያው ላይ የሚዘረጋ መረብ ተለክቶ አልቋል፤ አናጢው ግን በፊት የያዛቸው ሥራዎች ስላሉ ከሆሳዕና በፊት እንደማይደርስ ተናግሯል፤ መምህርቲቱም ጫጩቶቹ እስከዚያ በውስጥ ይቆያሉ ብለዋል።